ነገርን ከሥሩ፦ ሰርቨር ሲታመም መጀመሪያ ምን እንጠይቅ?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በወጣቶች የቴክኒክ ቡድን ስም የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ማሽን ነው። ርእሱን ሰምታችሁ «ይሄማ የልጆቹ ነገር ነው» ብላችሁ ወደ ቡናው ለመሄድ ያሰባችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ ትንሽ ታገሡን። የሽማግሌዎቻችን ድምፅ ያለው እዚያ ማሽን ውስጥ ነውና። በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡት፣ በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የገቡት ወላጆቻችን በገዛ አንደበታቸው የተናገሩትን ታሪክ ወጣቶቻችን ቤት ለቤት እየዞሩ ቀድተዋል። ያ ሁሉ የድምፅ ቅጂ ማኅበሩ በተከራየው ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ከተናገሩት መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ማሽን ቢበላሽ ሌላ ይተካል። ያ ድምፅ ቢጠፋ ግን ከየት ይመጣል?

ከሲግድ በፊት በነበሩት ሳምንታት ይህ ሰርቨር ማታ ማታ ይቆም ጀመር። ሰው የአያቱን ድምፅ ሊሰማ ሲከፍት ገጹ አይመጣም። ከመካከላችን አንዱ ገብቶ አጥፍቶ ሲያበራው ይሠራል፤ በማግስቱ ማታ ደግሞ ይቆማል። ቀን ቀን ሲታይ ምንም የለበትም፤ ጤነኛ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም ሰው ዝም አይልም፤ ምክንያት ይፈልጋል። ሦስት ሐሳቦች መጡ። አንዳንዱ «ሀከር ገብቶበታል» አለ። ሌላው «ማሽኑ አንሶናል፤ በእጥፍ ዋጋ ትልቅ እንከራይ» አለ፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ሽማግሌዎችን ለሲግድ ወደ ኢየሩሳሌም ለሚወስደው አውቶቡስ የተያዘ ነበር። ሦስተኛው ሐሳብ ከሁሉም የከበደ ነው። ቅጂዎቹን ወደ ሰርቨሩ የሚጭነው አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ «ችግሩ የጀመረው ለእሱ የመግቢያ ቁልፍ ከተሰጠው ወዲህ ነው» የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ማንም ፊት ለፊት አልከሰሰውም። ግን ወሬ ጆሮ አያጣም፤ ልጁ ሰማ፤ ወደ ማትናስ መምጣቱንም ተወ።

እንግዲህ ከሦስቱ የትኛው ነው እውነት? አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ሥሩ የት እንዳለ እንዴት እንደሚፈለግ፣ አንድ በአንድ እንነግራችኋለን። ለወጣቶቹ ሥራ ይሆናቸዋል፤ ለወላጆች ደግሞ ልጆቻችሁ ቀኑን ሙሉ ጥቁር መስኮት ላይ አፍጥጠው ምን እንደሚሠሩ ለማወቅ ይረዳችኋል።

መጀመሪያ ሰርቨር ምንድን ነው? ኮምፒዩተር ነው፤ እቤት ካለው ማሕሼቭ በመሠረቱ አይለይም። ልዩነቱ ሌት ተቀን አለመጥፋቱና ፊቱ ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ሰው አለመኖሩ ነው። በየወሩ ኪራይ እንከፍላለን፤ በኢንተርኔት ገብተን ትእዛዝ እየጻፍን እናሠራዋለን። የሚሠራበት ሥርዓት ሊኑክስ ይባላል። ሊኑክስን በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ፣ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ የ21 ዓመት ወጣት ነው። ብዙዎቻችሁ በዘመቻ ሰሎሞን አውሮፕላን ውስጥ ተጨናንቃችሁ በገባችሁበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ የእሱም አስኳል ሊኑክስ ነው።

አሁን አንድ የድግስ ቤት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ፕሮሰሰር ምጣዱ ነው። የእኛ ሰርቨር ሁለት ፕሮሰሰር አለው፤ ሁለት ምጣድ ተጥዷል፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት እንጀራ በላይ አይጋገርም። ሚሞሪ ጠረጴዛው ነው፤ አሁን እየተሠራ ያለው ነገር ሁሉ የሚዘረጋው እዚያ ላይ ነው። የእኛ ጠረጴዛ 4 ጊጋባይት ነው። ዲስኩ ደግሞ ጓዳው ነው፤ ብዙ ይይዛል፤ ግን ሄዶ ማምጣት ጊዜ ይፈጃል።

ወጥ ቤቱ ምን ያህል ሥራ እንደበዛበት ለማወቅ «አፕታይም» የምትባል ትእዛዝ አለች። ሦስት ቁጥር ትሰጣለች፦ የመጨረሻውን የ1 ደቂቃ፣ የ5 ደቂቃ እና የ15 ደቂቃ አማካይ ጭነት። ጭነት ማለት ምጣድ ላይ ያለውና ተራ የሚጠብቀው ሲደመር ነው። ሁለት ምጣድ ላለው ቤት 2 ከሆነ ሥራው ልክ ሞልቷል። 12 ከሆነ ዐሥሩ ቆመው እየጠበቁ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከሦስተኛው ከበለጠ ችግሩ እየመጣ ነው፤ ካነሰ እየሄደ ነው። ሊኑክስ እዚህ ላይ አንድ የራሱ ጠባይ አለው፤ ከጓዳ ዕቃ እስኪመጣለት የቆመውንም አብሮ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጭነቱ ሰማይ ነክቶ ምጣዱ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ፕሮሰሰር አነሰን» ማለት አይቻልም።

ሚሞሪም እንደዚያው ያሳስታል። «ፍሪ» የምትባለውን ትእዛዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈ ሰው ይደነግጣል፤ ከ4 ጊጋባይት ውስጥ ባዶው ጥቂት ብቻ ሆኖ ያየዋልና። ይሄ በሽታ አይደለም። ሊኑክስ ባዶ ጠረጴዛ አይወድም፤ ከጓዳ አንዴ ያመጣውን ዕቃ ቦታ እስካለ ድረስ «ምናልባት ደግሞ ይፈለግ ይሆናል» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይተወዋል። ሌላ ሥራ ሲመጣ ወዲያው ያነሣለታል። ስለዚህ መታየት ያለበት «ፍሪ» የሚለው ዓምድ ሳይሆን «አቬይለብል» የሚለው ነው፤ ቢፈለግ ምን ያህል ቦታ ሊለቀቅ እንደሚችል የሚናገረው እሱ ነው። ይህን አንድ ዓምድ ባለማየት ብቻ ትልቅ ማሽን የሚከራይ ሰው አይጠፋም።

ሚሞሪ እውነት ሲሞላስ? ሊኑክስ መጀመሪያ ብዙ የማይነካውን ዕቃ ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ ጓዳ ይወስደዋል፤ ይህ የጓዳ ክፍል «ስዋፕ» ይባላል። ለትንሽ ጊዜ ይረዳል። ሲበዛ ግን ወጥ ቤቱ በሙሉ ዕቃ በማመላለስ ብቻ ይጠመድና የሚጋገር እንጀራ አይኖርም። ገጹ አልከፈት ብሎ «ቆየ» የምንለው ያን ጊዜ ነው። እሱም ካልበቃ፣ ማሽኑ በሙሉ ከሚቆም ብሎ አንዱን ፕሮግራም ይገድላል። ይህን የሚያደርገው የሊኑክስ ክፍል «ኦኦኤም ኪለር» ይባላል።

ታዲያ ማንን ነው የሚገድለው? ይህን ልብ በሉልን። ጥፋተኛውን አይፈልግም። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ በዋናነት የሚወሰነው በያዘው ሚሞሪ ብዛት ነው። ብዙ የያዘው ይሞታል። ጠረጴዛውን ያጨናነቁት ስድስት ትንንሽ ሰዎች ሆነው፣ ከቤቱ የሚወጣው ጥግ ይዞ ሥራውን በሰላም የሚሠራው ትልቁ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሞቶ የተገኘውን አይቶ «ችግሩ ከእሱ ነው» ማለት ፍርድን ማዛባት ነው።

ስለ ፍርድ ካነሣን አይቀር፣ ሽማግሌዎቻችን በሽምግልና ሲቀመጡ የሚያደርጉትን እናውቃለን። ከሳሽን ብቻ ሰምተው አይነሡም። ሌላውን ወገን ይሰማሉ፤ ምስክር ይጠራሉ፤ «መቼ ነው? የት ነው? ማን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰርቨርም ምስክሮች አሉት። የሚሆነውን ነገር ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። ችግር በተፈጠረ ቁጥር አጥፍቶ ማብራት ግን ምስክርን ከችሎት እንደ ማባረር ነው። ዲስክ ላይ የተጻፈው መዝገብ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ በዚያች ደቂቃ ማን ምን ይሠራ እንደነበር ግን አብሮ ይጠፋል። ማጥፋትና ማብራት ትኩሳት እንደሚያበርድ ኪኒን ነው። ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ለምን እንደመጣ ግን አልታወቀም።

ይህ ሲባል በፍጹም አይጠፋ ማለታችን አይደለም። ሰው እየጠበቀ ከሆነ ማብራት ግድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ደቂቃ ወስዶ ምስክርነቱን መቀበል ይገባል። በሁለቱ ደቂቃ ምን ይደረጋል? ወጣቶች፣ ብትጽፉት ደስ ይለናል።

አንደኛ፣ ሰዓቱን መዝግቡ። በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነም ጨምሩ።

ሁለተኛ፣ «አፕታይም» ብላችሁ ሦስቱን ቁጥሮች ቅዱ።

ሦስተኛ፣ «ቶፕ» ብላችሁ ፕሮግራሞቹን ተመልከቱ። ትልቁን የፒ ፊደል ስትጫኑ በፕሮሰሰር፣ ትልቁን የኤም ፊደል ስትጫኑ በሚሞሪ ብዛት ይደረድራቸዋል።

አራተኛ፣ «ፍሪ» ብላችሁ «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ አንብቡ።

አምስተኛ፣ «ቪኤምስታት» ወደ ስዋፕ የሚወጣና የሚገባ ዕቃ መኖር አለመኖሩን፣ ፕሮሰሰሩ ዲስክን እየጠበቀ እንደሆነም ያሳያችኋል።

ስድስተኛ፣ «ጆርናልሲቲኤል» በሚባለው መዝገብ ውስጥ «ኦኦኤም» የሚል ቃል ፈልጉ፤ ማን እንደተገደለና ስንት ሰዓት እንደሆነ እዚያ ተጽፏል።

እነዚህን ወስዳችሁ በፋይል ካስቀመጣችሁ በኋላ አጥፍታችሁ አብሩ።

የእኛ ሰርቨር በዚህ መንገድ ሲጠየቅ መጀመሪያ የመለሰው የሚገርም ነበር። ተገድሎ የተገኘው ዳታቤዙ ነው፤ የቅጂዎቹን ስምና ዝርዝር የሚይዘው ፕሮግራም። ብቻውን 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሚይዝ ከሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። ቀደም ብለን እንዳልነው ግን ሟቹ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ጠረጴዛውን ማን አጨናነቀው?

እዚህ ላይ የረዳን ሰዓት ነው። የሰርቨሩ መዝገብ የሚጻፈው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ይህን ለወጣት ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል፤ ለወላጆቻችን ግን ምንም አዲስ ነገር የለውም። እኛ ማታ 9 ሰዓት ስንል አያቶቻችን ማታ 3 ሰዓት ይላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በአንድ ቤት ሁለት አቆጣጠር ይዞ መኖር ለምደነዋል። የሰርቨሩ መዝገብ ደግሞ ያንኑ ሰዓት በበጋ 18:00 ይለዋል። ሦስተኛ አቆጣጠር መጣልን ማለት ነው።

አሁን ተመልከቱ። ሰርቨሩ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ ቅዳሜ ድረስ ይቆም የነበረው በእኛ ሰዓት ማታ ከ9 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ነው። በማግስቱ እሑድ በመላ እስራኤል ሰዓት ወደ ክረምት ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆሚያው ማታ 8 ሰዓት ሆነ። በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ግን ምንም አልተለወጠም፤ በፊትም 18:00፣ አሁንም 18:00።

ይህ ብዙ ነገር ይናገራል። ሰው የሚኖረው በግድግዳው ሰዓት ነው። ሰዓት ሲቀየር የእራቱም፣ የልጆቹ መኝታም፣ ገጹን ከፍቶ የሚያዳምጥበትም ጊዜ አብሮ ይቀየራል። ችግሩ የመጣው ከጎብኚዎቻችን ብዛት ወይም ያ ልጅ ከሚጭንበት ሰዓት ቢሆን ኖሮ የእኛን ሰዓት ይከተል ነበር። እሱ ግን የእኛን ሰዓት አያውቅም፤ የሚያውቀው ዩቲሲን ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሰው ሳይሆን የጊዜ ሰሌዳ ነው የሚለው ግምት በረታ፤ ወይ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ያለ፣ ወይ ከሩቅ የሚመጣ።

በሊኑክስ «ክሮን» የሚባል የጊዜ ሰሌዳ አለ፤ «ይህን ሥራ በዚህ ሰዓት ሥራ» ተብሎ የሚታዘዝበት። ሲከፈት በ18:00 ላይ አንድ ሥራ ብቻ ተጽፎ ተገኘ፦ በቀኑ የተጫኑትን ቅጂዎች ከጩኸትና ከነፋስ ድምፅ የሚያጠራ ፕሮግራም። ግምት እስኪረጋገጥ ግን ግምት ነው። ችግሩ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ሰው በደረሰ ቁጥር አልፎ ይገኝ ነበር። ስለዚህ በየደቂቃው ብዙ ሚሞሪና ብዙ ፕሮሰሰር የያዙትን 10 ፕሮግራሞች ስም በፋይል የሚጽፍ አጭር ስክሪፕት ተቀመጠ። «ሲስስታት» የሚባለው ጥቅልም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ በተለምዶ ግን በየ10 ደቂቃው ስለሚመዘግብ አጭር ትኩሳት ሊያመልጠው ይችላል። በዚያው ማታ መልሱ ተገኘ። ልክ 18:00 ላይ፣ በአንዲት ሰከንድ፣ ስድስት የድምፅ ማጥሪያዎች ተነሡ።

ስድስት ለምን ይከብዳል? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጥሩ ጥራት ያለው ያልተጨመቀ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ 2 ባይት ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ድምፅ አለ። ሲባዛ በሰከንድ 176,400 ባይት ነው። የአንድ ሰዓት ንግግር 635 ሜጋባይት ይሆናል። ማጥሪያው ደግሞ ቅጂውን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነው የሚሠራው። ስድስት ሲሆኑ 3,810 ሜጋባይት። ከዳታቤዙ 1 ጊጋባይት ጋር ሲደመር ከ4 ጊጋባይት ያልፋል። አለቀ። ጠረጴዛው ሞላ፤ ስዋፕ ተጨናነቀ፤ ዳታቤዙ ተገደለ፤ ገጹ ቆመ። ማጥሪያዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የገባ ሰው ጤነኛ ማሽን አገኘ።

ያ የጊዜ ሰሌዳ ሲጻፍ ስህተት አልነበረውም። በዚያን ጊዜ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ነበር የሚመጣው፤ ሁለት በአንድ ጊዜ ቢነሡ ማሽኑ አይሰማውም። ከሲግድ በፊት ግን በቀን ስድስት ሰባት ቅጂ ይገባ ጀመር። ለምን በዛ? ያ የ16 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ በየቤቱ እየሄደ፣ ሽማግሌዎቹ አጠገብ እየተቀመጠ፣ ሳይታክት ስለሠራ ነው። ሰዎች «እሱ ከመጣ ወዲህ ነው» ያሉት እውነት ነበር። እውነቱ ግን የሚያስመሰግነው ነበር እንጂ የሚያስጠረጥረው አልነበረም። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ስለሆነ ብቻ አንዱ የሌላው ጥፋት አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ሰንሰለት አንድ በአንድ ካልታየ አይታወቅም። መዝገቡ በሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ ሰው ሁሉ አየው። ልጁም ተጠርቶ አየው። ተመልሶ መጥቷል፤ ዛሬም እዚህ አለ።

መድኃኒቱ ከምርመራው አጭር ነበር። ማጥሪያዎቹ በሰልፍ፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እንዲገባ ተደረገ። ያለፈው ሳያልቅ አዲስ እንዳይጀመር «ፍሎክ» የሚባል ቁልፍ ተገጠመ። ሥራው ወደ ሌሊት ተዛወረ። «ናይስ» በምትባለው ትእዛዝ ደግሞ ሌላ ሥራ ካለ ቅድሚያ እንዲለቅ ታዘዘ። ለማጥሪያውም የሚሞሪ ወሰን ተበጀለት፤ ከወሰኑ ቢያልፍ የሚቆመው ራሱ ነው እንጂ ዳታቤዙ አይነካም። ከዚያ በኋላም «ዳነ» አልተባለም፤ ለሁለት ሳምንት መዝገቡ በየቀኑ ይነበብ ነበር። ትልቅ ማሽን አልተከራየንም። አውቶቡሱ ሽማግሌዎቹን ይዞ አርሞን ሃናጺቭ ደረሰ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ተነሥታችሁ «እንግዲያው ሀከር የሚባል ነገር ወሬ ነው» እንዳትሉ። ከዓለም ሁለት ምሳሌ እንጨምር።

የመጀመሪያው በ2012 የሆነ ነው። የምድር መዞር ከአቶሚክ ሰዓት ጋር ፍጹም እኩል ስለማይሄድ፣ አልፎ አልፎ በዩቲሲ ላይ አንዲት ሰከንድ ትጨመራለች። ጁን 30 ቀን 2012 እኩለ ሌሊት ላይ አንዲት ሰከንድ ተጨመረች። በእስራኤል ሰዓት እሑድ ጁላይ 1፣ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ነበር። በዚያች ቅጽበት በብዙ አገር የሊኑክስ ሰርቨሮች ፕሮሰሰር ያለ ምንም ሥራ እስከ 100 በመቶ ወጣ። ሬዲትና ሞዚላ ከተነኩት መካከል ነበሩ። ማንም አልሰበረባቸውም። በሊኑክስ አስኳል የሰዓት አያያዝ ላይ ጉድለት ነበር፤ «ትንሽ ቆይተህ ንቃ» የተባሉ ፕሮግራሞች ሳይቆዩ ወዲያው እየነቁ፣ ደግመው እየጠየቁ፣ ያለ እረፍት ይሽከረከሩ ነበር። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ማሽኑን ሳያጠፋ፣ ሰዓቱን በትእዛዝ እንደገና በመሙላት ብቻ አዳነው።

ሁለተኛው በ2024 ነው። አንድሬስ ፍሩንድ የተባለ መሐንዲስ የራሱን ሥራ ፍጥነት እየለካ ሳለ፣ ወደ ሊኑክስ ማሽን ከሩቅ የሚገባበት «ኤስኤስኤች» የተባለው በር ከወትሮው በላይ ፕሮሰሰር ሲበላ አየ። መግባቱም ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነበር። ግማሽ ሰከንድ! ብዙ ሰው ይተወዋል። እሱ ግን «ለምን?» አለ፤ እየተከተለ እየተከተለ ወደ ሥሩ ወረደ። «ኤክስዜድ» በሚባል፣ ፋይል ለመጨመቅ በሚያገለግል ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የሌባ በር አገኘ። ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አስታወቀ። በሩን ያስገባው ሰው ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና እየረዳ የሰውን እምነት ያተረፈ ነበር። ነገሩ የተያዘው በብዙ ሰርቨሮች ላይ ሳይሰራጭ ነው።

እነዚህን ከእኛው ጋር አስተያዩአቸው። በአንዱ ምክንያቱ አንዲት ሰከንድ ናት። በሌላው እውነተኛ ሌባ አለ። በእኛው የአንድ ልጅ ትጋት ነው። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ፕሮሰሰሩ ወጣ፣ ሚሞሪው ሞላ፣ ማሽኑ ተጨነቀ። በአንዱ ዘንድ የታመነው ጥፋተኛ ሆነ፤ በሌላው ዘንድ የተጠረጠረው ንጹሕ ሆነ። ሰው መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ በመገመት የሚገኝ መልስ የለም። የሚለየው መለካት ብቻ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ጥርጣሬንም በልኩ ያዙት። ሰርቨራችሁ ውስጥ እናንተ ያልጻፋችሁት የክሮን ትእዛዝ ካለ፣ ከጊዜያዊ ማስቀመጫው ከ«ቲኤምፒ» የተነሣ የማታውቁት ፕሮግራም ካለ፣ ሌት ተቀን ሳያርፍ ፕሮሰሰሩን የያዘ ካለ፣ ጠርጥሩ። የአስኳሉ የራሱ ሥራዎች በዝርዝር ላይ ስማቸው በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል፤ የያዙት ሚሞሪም ዜሮ ሆኖ ይታያል። ቅንፍ ለብሶ ሚሞሪ የሚበላ ካያችሁ የሰው ልብስ የለበሰ ነው። ሰርጎ ገብ መኖሩ ከተረጋገጠም አንዱን ፕሮግራም ገድሎ መተው አይበቃም፤ ማሽኑ ከንጹሕ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ቁልፎች ሁሉ ይቀየራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በፊት ይቅደም። የድምፅ ቅጂዎቹ መጠባበቂያ ከሰርቨሩ ውጭ፣ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ተቀምጧል ማለትም ብቻ አይበቃም፤ አልፎ አልፎ አንዱን አውጥቶ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ሳይከፈት የኖረ ጎተራ ውስጡ እህል ይኑር ነቀዝ ማንም አያውቅም።

ወላጆቻችንስ? ለእናንተም ሥራ አለን። ገጹ አልከፈት ሲላችሁ «ተበላሽቷል» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ስንት ሰዓት እንደሆነና ምን እንዳያችሁ በስልክ ንገሩን። በእናንተ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት ብትሉንም ይገባናል፤ እኛው እናሰላዋለን። ማታ ማታ ልክ በዚያው ሰዓት እንደሚቆም መጀመሪያ ያስተዋሉት የወንድማቸውን ድምፅ ከእራት በኋላ ለማዳመጥ የሚከፍቱ አንዲት እናት ናቸው። «እኔ በከፈትሁ ቁጥር ነው የሚጠፋው» አሉ። ምርመራው የተጀመረው ከእሳቸው ቃል ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ለመማር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሊኑክስ በነጻ ይገኛል፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል። ከባግሩት በፊትም፣ ከሠራዊት በኋላም መጀመር ይቻላል። በማትናስ አንድ አሮጌ ማሽን አዘጋጅተናል፤ ሆን ተብሎ የሚጨናነቅ ነው። ኑና ለምን እንደሆነ ፈልጉ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ምክንያቱን በወረቀት ሳይጽፍ አጥፍቶ ያበራ ለሁሉም ቡና ያፈላል።